ሃያ ሊትር ውዱእ

እኛ ግቢ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለቴ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እናቴ በእንቅልፍ ልቧ ትሰማዋለች። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ጀሪካኖቹ ይሰለፋሉ። ስምንት ቢጫ ጀሪካን አለን፣ እያንዳንዱ ሃያ ሊትር። ለወጡም፣ ለልብሱም፣ ለገላውም፣ ለሶላቱም ያው ነው። 2011 ዓ.ም. ረመዷን ሊገባ ሲል ጀሪካኖቹ እንደ ወትሮው አልቆይ አሉ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ጎረቤት ነው፤ አላህ ይማረን። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ያለ የድሮ የቀበሌ ግቢ ነው፣ አምስት አባወራ እንኖርበታለን፣ እና ውሃ ሲጠፋ ሰው መጠርጠር ቀላል ነው። እናቴ ጀሪካኖቹን ወደ ውስጥ አስገባች። አሁንም ያልቃሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት ለሱሑር ስነሳ ታናሽ ወንድሜን ከማድ ቤቱ ጀርባ አገኘሁት። ቁጢጥ ብሎ ቀኝ ክርኑን ያጥባል። አንዱን ጀሪካን ጨርሶ ሁለተኛውን ከፍቷል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ውዱእ።»

ውዱእ ከሶላት በፊት የሚደረገው ትጥበት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ማለት ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚያፍሰው ያህል ነው። በዛሬ ልኬት አንድ ሊትር አይሞላም። ይህን ከመድረሳ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ እና ያን ሌሊት በዚሁ እውቀቴ ነው የወረድኩበት። ውሃ ማባከን እንደማይፈቀድ ነገርኩት። ኢማንህ ደክሟል አልኩት። ሸይጧን መጫወቻ አድርጎሃል፣ ቁርኣን ቅራ አልኩት። እሱ ምንም አልመለሰም። እጁን እንኳን አላየሁትም። የእጁን ቆዳ ቀርቤ ያየሁት ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ የጣቶቹ መገጣጠሚያ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ደም ነበረ።

ይህን የምጽፈው ወንድሜ ፈቅዶልኝ ነው። ከማውጣቴ በፊትም አንብቦታል፤ አንድ ቦታ አርሞኛል፣ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ወስዋስ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙስሊም ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ሶላት ላይ «ስንተኛ ረከዓ ላይ ነኝ?» ብሎ ተጠራጥሮ ያውቃል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ቃሉን ስለምናውቀው በሽታውንም የምናውቀው ይመስለናል። ሐኪሞች ኦሲዲ (OCD) የሚሉት፣ የማይለቅ ጥርጣሬና እሱን ለማስታገስ የሚደጋገም ድርጊት ያለበት ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆነውን በሕይወት ዘመኑ ያገኘዋል ይባላል፤ ሃይማኖት አይመርጥም። ነገር ግን ሰውየው ከምንም በላይ በሚወደው ነገር ላይ ነው የሚያርፈው። አራስ እናት ላይ ከመጣ ልጄን እጎዳው ይሆን በሚል ፍርሃት ይመጣል። ሶላቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ልጅ ላይ ከመጣ በሶላቱ ነው የሚመጣው።

ወንድሜ ላይ የመጣው እንዲህ ነው። ክርኑን ውሃ ነክቶት ይሆን? እሺ ነክቶታል፣ ግን ሦስት ጊዜ ነው ወይስ ሁለት? ሦስት ነው፣ ግን ኒያው፣ ማለት ለሶላት ብዬ ማሰቤ፣ በልቤ ውስጥ ነበረ ወይ? መስጂድ ገብቶ ተክቢራ ያደርጋል፣ ኒያው አልተያዘም ብሎ ያፈርሳል፣ እንደገና «አላሁ አክበር»፣ እንደገና ያፈርሳል። ኢማሙ ሩኩዕ ወርዶ እሱ ገና እጁን እያነሳ ነው። መንገዱ ደግሞ የባሰ ነበር። እኛ ሰፈር ውሻ ይበዛል። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባቴ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል የሚለውን የሻፊዒ መዝሀብ ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ጠንቅቆ ተምሮታል። ስለዚህ ከቤት እስከ መስጂድ ያለችው የአሥር ደቂቃ መንገድ አርባ ደቂቃ ትወስድበት ጀመር። ክረምት ላይ ሚኒባስ ጭቃ ከረጨበትማ ቀኑ አለቀ፤ ተመልሶ ሙሉ ልብሱን ይቀይራል። የሚገርመው፣ የዚያው መዝሀብ ሊቃውንት ሰው ሊያመልጠው የማይችለውን የመንገድ ጭቃ ይቅር ብለውታል። የመርካቶን ጭቃ ያዩ ይመስል። ይህንንም ያውቃል። ማወቁ ምንም አልጠቀመውም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው መያዙ ተነገረ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ነበር የምንሰማው። በየሱቁ በር ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ። አስቡት። አገሩ በሙሉ የወንድሜን በሽታ ይሰብክ ነበር። መስጂድ ተዘጋ፣ ተራዊሕ በየቤታችን ሆነ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ሲታጠብ የሚናገረው አልነበረም። እንዲያውም ጎረቤት «እንደ እሱ ተጠንቀቁ» እያለ ልጆቹን ይመክርበት ነበር። በሽታው ዓይናችን ሥር ተደብቆ ዓመት አደረ።

መስጂድ ሲከፈት ነው የፈነዳው። አንድ ጁሙዓ ዐስር ላይ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር፤ ስደርስ የውዱእ ቦታው ላይ አሁንም አለ። ሰው ከኋላው ተሰልፏል። አንዱ ያጉተመትማል፣ ሌላው «ወንድም፣ ፍጠን እንጂ» ይላል። እዚያ ቧንቧዎቹን የሚያጸዱ አንድ አዛውንት አሉ። የተማሩ አይደሉም፣ ስለ በሽታም የሰሙት ነገር ያለ አይመስለኝም። መጥተው ቧንቧውን ዘጉት። ከጎኑ ዝቅ ብለው ተቀመጡና እጁን በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁለት። ከዚያ «ልጄ፣ ወንጀሉ በኔ ይሁን። ግባና ስገድ» አሉት።

ገባ፣ ሰገደም። ስጁድ ላይ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ።

ያን ቀን ተፈወሰ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን አዛውንቱን ፍለጋ ሄደ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከሌሉ መስገድ አቃተው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው ይህን በሽታ እንዲህ አስቸጋሪ የሚያደርገው። የሰው ደግነት ራሱ ይበላበታል።

ስልኩም እንደዚያው ነው። ቁጥራቸውን ያገኘውን ኡስታዝ ሁሉ ይደውልላቸዋል። «ኡስታዝ፣ ውዱእ አድርጌ ስጨርስ ጆሮዬን ማበሴን ተጠራጠርኩ።» ይመልሱለታል፤ ፊቱ ይበራል፣ ምሳ ይበላል፣ ይስቃል። ሰዓት ሳይሞላ ግን «ጥያቄውን በደንብ አላስረዳኋቸውም» ይልና ሌላ ይደውላል። በዚህ ብቻ ስንት ብር የስልክ ካርድ እንደሄደ አላህ ይወቀው። ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ ምስክር ሆና ተቀጠረች። ሲታጠብ አጠገቡ ትቆማለች። «እማ፣ ክርኔ ነክቷል?» «ነክቷል ሆዴ።» «አይተሻል?» «አይቻለሁ።» «ወላሂ በይ።» «ወላሂ።» በቀን አምስት ወቅት፣ በየወቅቱ ከሃያ ጊዜ በላይ። እኔ ስልኬ ላይ ፈትዋ እፈልግለታለሁ፤ እህቴ ከውጭ ሲገባ ጫማውን ታጥብለታለች። ሁላችንም ከመውደዳችን የተነሳ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ግን ለበሽታው ያድር ነበር።

ውሃና ጭቃው ሌላ ሰው የሚያየው ነው። እሱ ለማንም ያልነገረው የባሰው ነበር። ሶላት ላይ ስለ አላህ፣ ስለ ነቢዩ፣ ጆሮ የማይሰማው ዓይነት ሐሳብ ይመጣበታል። እሱ ሳይጠራው። ባባረረው ቁጥር ይብሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእስልምና የወጣሁ ነኝ ብሎ ያምን ነበር፤ በየማታው ብቻውን ሸሃዳ እንደ አዲስ ይይዝ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን «ብሞት ይሻለኛል» አለኝ። እኔም ወዲያው «አስተግፊሩላህ በል!» አልኩት። አለ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። በሩን በፊቱ ላይ እንደዘጋሁበት ያኔ አልገባኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አንድ ሙስሊም ልጅ ሞትን ሲመኝ የመጀመሪያ ቃላችን ተግሣጽ የሚሆነው ፍርሃታችን ነው፣ ይገባኛል። ግን ቁርኣን ውስጥ መርየም በምጥ ሰዓት ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ ብላለች። ነቢዩ የዕቁብ በሐዘን ብዛት ዓይናቸው ነጥቷል። ማንም ኢማናችሁ ደክሟል አላላቸውም። ሰው ይህን ቃል ሲያወጣ ረጋ ብሎ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ሐኪሞች በዚህ ላይ እርግጠኛ ናቸው። እንዲያውም ያቀልለታል። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አይተውም፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰዳል። እኔ አልጠየቅኩም። የጠየቀችው ከወራት በኋላ ዶክተሯ ናት። ሲመልስላት ከጎኑ ተቀምጬ ሰማሁ። ከዚያ ክፍል ስንወጣ ደረጃው ላይ «አፉ በለኝ» አልኩት። «አብሽር» አለኝ። እሱ እኔን።

ሐኪም ጋር ከመድረሳችን በፊት ሩቅያ፣ ቁርኣን እየተቀራ ወደሚታከምበት፣ ሄደናል። ስለ ሩቅያ ክፉ አልናገርም። ቁርኣን ሺፋ ነው፣ ዛሬም ይቀራለታል። ግን የሄድንባቸው ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያው ገና ስንገባ አየት አደረገውና «ጂን አለበት፣ ሲሕርም ተደርጎበታል» አለን። ሰባት ቀጠሮ ያዘልን፣ በየቀጠሮው ገንዘብ ተቀበለ። ወንድሜ ሁለት ሌሊት ደህና ተኛ። በሦስተኛው ስለ ጂኑ መጨነቅ ጀመረ። ድሮ የሚፈራው ክርኑን ነበር፤ አሁን ውስጡ ያለውን ሰው መፍራት ጀመረ። ሁለተኛው ኡስታዝ ቁርኣን ከቀሩለት በኋላ እኔን ወደ ውጭ ጠሩኝና «ይህ ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል። እኔ መቅራቴን አልተውም፣ አንተም ሐኪም መውሰድህን አትተው» አሉኝ። ብር ስሰጣቸው ለትራንስፖርትህ ያዘው አሉ።

እኛ ሰፈር «አማኑኤል ግባ» ስድብ ነው። መርካቶ ያደገ ሰው ሁሉ ልጅ ሆኖ ተሳድቦበታል፣ እኔም ጭምር። ሆስፒታሉ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የተከፈተ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ። ዛሬ ብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ሆኖም ያ ስድብ አሁንም ሰውን ከሕክምና ያስቀራል። እናቴ የፈራችው ያንን ነው። «ገመናችን ይወጣል። ማን ልጁን ይድርለታል?» አለች። የሷ ጭንቀት ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ቀላል አይደለም፤ በሰፈር የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ያግባባት አጠገባችን የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤታችን ናት። ወንድሟን ሦስት ዓመት በጸበል ስታንከራትት ቆይታ በመጨረሻ ሐኪም ጋር ወስዳዋለች። አንድ ቀን ቡና ላይ «እቴቴ፣ እኔ ሦስት ዓመት ደብቄዋለሁ፤ አንቺ አትደብቂው» አለቻት። ከእኔ ስብከት ሁሉ የሷ አንድ ዐረፍተ ነገር በለጠ።

የሄድንበትን ክሊኒክ ስም አልጠራም። የተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልን በሩ ተከፍቶ የሰፈራችን ሐጂ ገቡ። መስጂዳችን ውስጥ ከሁለተኛው ሶፍ (የሰጋጆች ረድፍ) ላይ የማይጠፉ ሰው ናቸው። አብራቸው ልጃቸው ነበረች፣ ኒቃብ ለብሳለች። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሁለታችንም ወዲያው አንገታችንን አቀረቀርን። አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ላይ ያለ ፖስተር ሳነብ ነበር። ልጅቷን አውቃታለሁ። ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከኅዳር 2006 ጀምሮ ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ናት። ከመጣች ጀምሮ ከቤት አትወጣም። ሰፈሩ «ከዚያ የመጣባት ጂን ነው» ይል ነበር። እዚያ ምን እንደደረሰባት የጠየቃት ሰው ስለመኖሩ እንጃ። በማግስቱ ፈጅር ላይ ሐጂ ከሶላት በኋላ ሲጨብጡኝ እጄን ያዙ አድርገው ቆዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን አሁን ሳስበው አንዳችን እንኳን «እንዴት ሆኑ?» ማለት ነበረብን።

ዶክተሯ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይህ ነገር በቀን ስንት ሰዓት ይወስድብሃል?» የሚል ነበር። ወንድሜ ዝም ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «ወደ ስድስት ሰዓት» አለ። ደነገጥኩ። አብሬው አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ለምን?» ያላለው ሰው የለም፤ «ስንት?» ያለው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወረቀት ላይ ክብ እየሣለች ለእኛም በሚገባን መንገድ አስረዳችን። ጥርጣሬ ይመጣል፣ ጥርጣሬው ያስፈራል፣ ሲታጠብ ፍርሃቱ ይቀልለዋል። አንጎል ከዚህ የሚማረው «መታጠቡ አዳነኝ» የሚለውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጥርጣሬውን አጠንክሮ ይልከዋል። የእናቴ ወላሂም፣ የኡስታዞቹ መልስም፣ የእኔ ፈትዋም በዚህ ዑደት ውስጥ እንደ መታጠብ ናቸው። ሕክምናው ሁለት ነው። አንዱ መድኃኒት ነው፤ ለእሱ የታዘዘለት ፍሉኦክሰቲን ነው። ለዚህ ሕመም ከድብርት ይልቅ ከፍ ያለ መጠንና ረዘም ያለ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፣ ለውጡን ለማየት እስከ ሦስት ወር መታገስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሥልጠና ነው። ፍርሃቱ እያለ፣ ሳይታጠቡ፣ ሳይጠይቁ፣ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ እስኪወርድ መቆየት። ከቀላሉ ተጀምሮ ወደ ከባዱ።

መድኃኒቱ ላይ ራሱ ወስዋሱ መጣ። እንክብል ነው፣ ልባሱ ከጄላቲን ነው፣ ጄላቲኑ ከምንድን ነው? እኛም ሌላ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ስለሆነ አልገረመንም። እኚያ ሁለተኛው ኡስታዝ ጋር ደወለ። እሳቸው አንዴ መለሱለትና «ይህን ጥያቄ ሁለተኛ አልመልስልህም። ስለምወድህ ነው» አሉት። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ከዶክተሯ ጋር ተገናኝተው አያውቁም።

በኋላ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ኪታብ አወጡልኝ። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ የኖሩ የሻፊዒ ሊቅ ናቸው። ወስዋስ መድኃኒት አለው ወይ ተብለው ሲጠየቁ የመለሱት መልስ አጭር ነው፤ ነፍስ የፈለገውን ያህል ብትጠራጠርም ፈጽሞ ችላ ማለት። ኡስታዙ ይህን ሲያነቡልኝ ዶክተሯ ወረቀት ላይ የሣለችው ክብ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው። ከእሳቸውም በፊት፣ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በ934 እ.ኤ.አ. የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሥጋንና የነፍስን ጤና አንድ ላይ አድርገው ሲጽፉ ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ ከፋፍለው አክመዋል። ካይሮ ላይ በ1284 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሡልጣን ቀላዉን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ይህ ሁሉ የእኛ ነው። ታዲያ የአእምሮ ሐኪምን ከሌላ ሃይማኖት የመጣ ነገር አድርገን ስናየው ማንን እየተከተልን ነው?

ያ የሚያስጨንቀው ሐሳብም በሐዲስ ውስጥ ቦታ አለው። ሰሐቦች ነቢዩ ዘንድ መጥተው በአፋችን ልናወጣው የሚከብደን ነገር ውስጣችን ይመጣል አሉ። እሳቸውም ይህን ጠልታችሁ መሸሻችሁ ራሱ ግልጽ ኢማን ነው ብለዋቸዋል። ወንድሜ ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። እሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለቀሰው ለጠላው ሐሳብ ነበር። እኔ ደግሞ ኢማንህ ደክሟል እለው ነበር።

ከሁሉ የከበደው የእናቴ ነው። ዶክተሯ ከዛሬ ጀምሮ አትመልሺለት አለቻት። ለእናት ይህ ጭካኔ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ «እማ፣ ክርኔ ነክቷል?» ይላል። ዝም። «እማ! ነክቷል ወይ?» ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላዋ ቆመ። በመጨረሻ በሩን ከፈተችው፣ ዓይኗ ቀልቷል። «እንደጨነቀህ አውቃለሁ ልጄ። ግን አልመልስልህም። ና፣ ቡና ልቁላልህ» አለችው። ጮኸባት። በሕይወቱ እናቱ ላይ ጮኾ አያውቅም። ጀበናው ከረከቦቱ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሱ እያለቀሰ፣ እሷም እያለቀሰች፣ ሦስቱንም ጠጡ። ከአቦሉ እስከ በረካው ባለው ጊዜ ውስጥ ፍርሃቱ ወረደ። ሳይታጠብ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት አምጥቶበት ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ካልተውኩት አለ። ወደ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው ፊቱ ላይ ለውጥ ያየነው። ረመዷን ሲመጣ አልተቸገርንም፤ ቀን አንዴ ስለሆነ ሱሑር ላይ ይውጠዋል። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም። በተለይ ሊትየም የሚወስድ ሰው በጾም ሰውነቱ ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል፣ አደገኛ ነው። ረመዷን ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ማማከር አለበት። መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ ግን አያዋጣም። ለበሽተኛ የጾሙን ፍቃድ የሰጠው አላህ ነው፤ እኛ ምን ቤት ነን የምንከለክለው?

ኢማሞቻችን ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ወስዋስ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚታየው የውዱእ ቦታ ላይ ነው፣ ከሐኪሙም ከቤተሰቡም በፊት እናንተ ታዩታላችሁ። ያንኑ ጥያቄ ለአሥረኛ ጊዜ የሚደውል ልጅ ፊቅህ አላጣም። በሴቶቹ በኩል ደግሞ ያው ነገር በሐይድ (በወር አበባ) ጥያቄ ይመጣል፣ ጠራሁ አልጠራሁም እያለች ገላዋን በቀን ሦስቴ የምትታጠብ አለች፤ እሷ ግን ለማን ትደውላለች? የሴት ኡስታዛዎች ቁጥር በየመስጂዱ ቢለጠፍ ብዙ ነገር ይቀልል ነበር።

ወንድሜ ያረመኝ ቦታ ይኸውና። መጀመሪያ «ዛሬ ድኗል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዞት «ዛሬ ውዱእ በአንድ ሃይላንድ ያደርጋል» ብሎ ተካው። እውነት ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ ወረቀቱ ተልጦ ላስቲኩ ብቻ ቀርቷል። ሲያልቅ አልቋል። ቧንቧ አይከፍትም። የራሱ ሐሳብ ነው፤ ዶክተሯም ወደፊት ጠርሙሱንም መተው አለብህ ብላዋለች፣ እሺ ብሏል፣ ገና ነው።

ባለፈው ጁሙዓ አብረን ወጣን። ሰሞኑን ፈተና ስላለበት ትንሽ ብሶበታል። ሃይላንዱ አልቆ፣ አጎንብሶ፣ ክርኑን እያየ ቆመ። አውቄዋለሁ ያን አቋቋም። ዞር ብሎ አየኝ።

«ነክቷል?»

«ኢቃማ እያለ ነው፣ ና» አልኩት።

ትንሽ ቆየ። ባዶውን ጠርሙስ ቦርሳው ውስጥ ከተተና፣ እጁ እንደረጠበ፣ ቀድሞኝ ገባ።